ውሃው የሚዞርበትና ውሃው የሚወጣበት

አቡ ዳቢ ውስጥ ወደ አንድ ትልቅ ሕንፃ የፓምፕ ክፍል የሚገባ ሰው ከማየቱ በፊት ይሰማል። ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ፎቆቹ የሚገፉት ፓምፖች በተርታ ቆመው ያጓራሉ። በየፓምፑ ትይዩ ግድግዳው ላይ ግራጫ ሳጥን ተሰቅሏል፤ በሳጥኑ ፊት ትንሽ መስኮት አለች፣ በመስኮቷ ላይ ቁጥር ይነበባል። ቁጥሩ በነሐሴ ቀትር 50፣ ማለትም ሙሉ ፍጥነት፣ ቢል አይገርምም። በጥር ሌሊት፣ ውጭ ያለው ጥበቃ ሹራብ በሚደርብበት ሰዓት፣ ያው 50 ከሆነ ግን ሳጥኑ የተገዛበት ገንዘብ ባክኗል ማለት ነው። ጠጋ ብሎ ለሚያይ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ከቁጥሩ ሥር ይገኛል፤ «አውቶ» የሚለው መብራት ጠፍቶ «ሃንድ» የሚለው በርቷል። አንድ ቀን ሴንሰር ተበላሽቶ፣ ከላይ ፎቅ «ሞቀን» የሚል ስልክ ተደውሎ፣ ተረኛው ቴክኒሻን ሰዎቹን ለማሳረፍ ሲል በእጁ 50 ላይ አድርጎት ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።

ሳጥኑን እዚያ የሚሠሩት ቪኤፍዲ ወይም ድራይቭ ይሉታል፤ አገር ቤት ብዙዎቻችን ኢንቨርተር እንለዋለን። ሥራው የሞተሩን ፍጥነት እንደ ሥራው ብዛት መቀነስና መጨመር ነው። ሻጮቹ ስለ ቁጠባው ሲናገሩ ግማሽ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይላሉ። አባባላቸው ሐሰት አይደለም። ግን እውነት የሚሆነው ውሃው በሚዞርበት ቦታ ነው፤ ውሃው ወደ ላይ በሚወጣበት ቦታ ሒሳቡ ሌላ ነው። አቡ ዳቢና አል አይን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው ሁለቱን ጉዳይ ለየብቻ ያሳዩናል። ይኸው ዕቃ ከባሕረ ሰላጤው ገበያ እየተጫነ ወደ እኛም አገር ስለሚገባ፣ ልዩነቱን ከአሁኑ ማወቅ ይበጀናል።

ከመሠረቱ ልጀምር። በዓለም ላይ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚበሉት ሞተሮች ናቸው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የኢንዳክሽን ሞተሮች ናቸው። እንዲህ ያለ ሞተር ፍጥነቱን የሚቀበለው ከመስመሩ ነው። መስመሩ 50 ሄርዝ ከሆነ፣ ባለ አራት ፖል ሞተር በደቂቃ ወደ 1,500 ዙር ተጠግቶ ይዞራል። ሥራ ቢበዛም ቢያንስም ከዚያ ፍጥነት ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ለአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ መሐንዲሶች የሠሩት ሞተሩን እንዳለ አስሮጠው ውሃውን በቫልቭ ማነቅ፣ አየሩን በክዳን መከልከል ነበር። በቅሎዋን በአንድ እጅ እየገረፉ በሌላው ልጓም እንደ መሳብ ነው፤ ትደክማለች እንጂ መንገዱ አይቀልም። ሞተርን በፍሪኩዌንሲ ማዘዝ እንደሚቻል ከጥንት ይታወቅ ነበር፤ የጠፋው ዕቃው ነው። የዴንማርኩ ዳንፎስ እ.ኤ.አ. በ1968 ድራይቭን በፋብሪካ ደረጃ በብዛት ማምረት ሲጀምር ነገሩ ከቤተ ሙከራ ወጣ። ዛሬ ሳጥኑ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው፦ ከመስመሩ የሚመጣው ተለዋዋጭ ጅረት መጀመሪያ ወደ ቀጥታ ጅረት ይቀየራል፣ በካፓሲተሮች ይጠራቀማል፣ ከዚያ ትራንዚስተሮች በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እየከፈቱና እየዘጉ በተፈለገው ፍሪኩዌንሲ መልሰው ይቆራርጡታል። ቮልቴጁም አብሮ ይወርዳል፤ በ50 ሄርዝ 400 ቮልት የሚያገኝ ሞተር በ40 ሄርዝ 320 ያገኛል።

አሁን ወደ ሕንፃው ፓምፕ እንመለስ። ቀዝቃዛው ውሃ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል። ወደ 40ኛ ፎቅ የወጣው በሌላው ቧንቧ ሲወርድ የወጣበትን ክብደት ይመልሳል፤ ፓምፑ የሚታገለው ከቧንቧው ሰበቃ ጋር ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ሦስት ነገሮች ተያይዘው ይወርዳሉ፦ የውሃው መጠን ከፍጥነቱ ጋር እኩል፣ ግፊቱ በፍጥነቱ ካሬ፣ የሚበላው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ኩብ። ከ50 ወደ 40 ሄርዝ ያወረዱት ባለ 100 ኪሎ ዋት ፓምፕ 80 በመቶ ውሃ እየሰጠ 51 ኪሎ ዋት ብቻ ይበላል። ወደ 35 ሲወርድ ውሃው 70 በመቶ፣ ኃይሉ 34 ኪሎ ዋት ይሆናል። ሳጥኑ ራሱ የሚያባክናት ጥቂት አለች፤ እሷን ብንደምርም ሒሳቡ አይናጋም። በዓመት 4,000 ሰዓት በ40 ሄርዝ የሚሠራ ፓምፕ 190 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያተርፋል ማለት ነው።

ይህ ሒሳብ አቡ ዳቢ ላይ ልዩ ጉልበት የሚያገኘው በአየር ንብረቱ ነው። ማቀዝቀዣው የሚገመተው ለዓመቱ ክፉ ቀን ነው፤ ባሕሩ በሚተንበት፣ ሌሊቱም በማይበርድበት የነሐሴ ቀን። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ወቅት ግን ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ሕንፃው ከአቅሙ ጥቂቱን ብቻ ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሁሉ የድራይቭ ሲሳይ ነው። ለዚህም ነው ማቀዝቀዣን ከማዕከል እያመረቱ በቧንቧ የሚሸጡ ድርጅቶች ቀድመው የገቡበት። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው ታብሪድ የሸይኽ ዛይድን ታላቅ መስጊድ ጨምሮ ብዙ የአቡ ዳቢ ሕንፃዎችን በዚህ መንገድ ያቀዘቅዛል። እንዲህ ያለ ድርጅት ቅዝቃዜውን ሸጦ የፓምፑን መብራት ራሱ ስለሚከፍል፣ የሳጥኑ ቁጥር በጥር ሌሊት 50 ቢል የሚጎዳው እሱው ነው። በተራ ሕንፃ ግን መሣሪያውን የሚመርጠው ተቋራጭ ሌላ፣ የሚያንቀሳቅሰው የጥገና ድርጅት ሌላ፣ ከፋዩ ተከራይ ደግሞ ሌላ ነው። በእኔ እምነት «ሃንድ» ላይ ተረስተው የሚቀሩት ድራይቮች ምንጫቸው ከቴክኒኩ ይልቅ ይህ የባለቤትነት መበታተን ነው።

«አውቶ» ላይ ሆኖም የሚባክን አለ። ፓምፑ ፍጥነቱን የሚወስነው ከግፊት ሴንሰር በሚመጣ ምልክት ነው። ሴንሰሩ የት ተሰቀለ? ቀላሉ ቦታ እዚያው የፓምፕ ክፍሉ ውስጥ፣ ከፓምፑ አፍ ላይ ነው፤ ገመዱ አጭር፣ ሥራው የግማሽ ቀን። ግን እዚያ ከተሰቀለ ፓምፑ ሁልጊዜ ለሙሉ ጭነት የሚበቃውን ግፊት እንዲጠብቅ ይታዘዛል፤ ፍጥነቱ ጥቂት ወርዶ እዚያው ይቆማል። ሴንሰሩ በመስመሩ መጨረሻ፣ ከፓምፑ በጣም በራቀው ቅርንጫፍ ላይ ሲሆን ግን፣ ያ የመጨረሻው ቅርንጫፍ ከጠገበ ፓምፑ እስከሚችለው ይወርዳል። ሳጥኑ አንድ፣ ሞተሩ አንድ፣ ዋጋውም አንድ ሆኖ፣ ልዩነቱ ያለው በአንድ ገመድ ርዝመት ላይ ነው። ሥራ ሲረከቡ ይህን የሚጠይቁ ሰዎች እንዲበዙ አጥብቄ እመኛለሁ።

ኤምሬቶቹ ዘንድ ነገሩን ከሕንፃ ጥገና አውጥቶ የአገር ጉዳይ ያደረገው ግን ውሃ ነው። ለአሥርተ ዓመታት የአቡ ዳቢ የመጠጥ ውሃ የሚገኘው በእንፋሎት ነበር። ጋዝ ተቃጥሎ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ የተረፈው እንፋሎት የባሕር ውሃ ያፈላል፣ ከተነነው ንጹሕ ውሃ ይሰበሰባል። ውሃና መብራት በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ነበሩ፤ በቀዝቃዛው ወራት የመብራት ፍላጎት ሲወድቅ እንኳ ሰው ውሃ መጠጣቱን ስለማይተው ጋዙ መቃጠሉን ይቀጥል ነበር። ከዚያ ሁለት ነገሮች መጡ። አንደኛው ጋዝ የማይፈልግ መብራት ነው። ከስዊሓን አጠገብ ያለው 1,177 ሜጋ ዋት የኑር አቡ ዳቢ የፀሐይ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ጀመረ። የበራካህ አራቱ የኒውክለር ማመንጫዎች፣ አራተኛው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ወደ ንግድ ሥራ ሲገባ፣ በድምሩ 5,600 ሜጋ ዋት ሆነው የአገሪቱን ኤሌክትሪክ ሩብ ያህል ያዙ። ሁለተኛው የጣዊላህ የሪቨርስ ኦስሞሲስ ጣቢያ ነው፤ በቀን 909,200 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያጣራ የተሠራ፣ በዓይነቱ ከዓለም ትልቁ ነው። በዚህ ዘዴ የሚፈላ ነገር የለም። ፓምፕ የባሕሩን ውሃ ከ55 እስከ 70 ባር በሚደርስ ግፊት በሜምብሬን ውስጥ ያስጨንቀዋል፤ ለአንድ ሜትር ኩብ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል።

ይህ ለውጥ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ውሃ የቦይለር ሥራ መሆኑ ቀርቶ የሞተር ሥራ ሆነ። የባሕረ ሰላጤው ውሃ ሲቀዘቅዝ ሜምብሬኑ ይጠብቃል፣ ተጨማሪ ግፊት ይጠይቃል፤ ሲሞቅ ይላላል፣ ግን ጨው በቀላሉ ያሳልፋል። ስለዚህ ፓምፑ ዓመቱን ሙሉ ግፊቱን እንደ ወቅቱ መለወጥ አለበት፤ ያን ለውጥ በቫልቭ ማድረግ በየቀኑ ገንዘብ ወደ ባሕር መድፋት ነው፣ በድራይቭ ማድረግ ግን ይቻላል። የአቡ ዳቢ ኢነርጂ መምሪያ እስከ 2030 የኤሌክትሪክ ፍጆታን 22 በመቶ፣ የውሃን 32 በመቶ ከ2013 መነሻ አንፃር ለመቀነስ ዕቅድ አለው። ሁለቱ ቁጥሮች ተነጣጥለው የተጻፉ ይመስላሉ፤ በሞተሩ በኩል ላየ ሰው ግን አንድ ናቸው፤ ያልተለቀቀ ሊትር ያልተዞረ ሞተር ነው።

አሁን ወደ አል አይን እንውጣ። «እንውጣ» ያልኩት ለወግ አይደለም፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል 290 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ባሕር የላትም፤ የተጣራው ውሃ በቧንቧ ከባሕር ዳር ጣቢያዎች እየተገፋ ይመጣላታል። የፊዚክስ ሒሳብ እዚህ ላይ ርኅራኄ የለውም። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 290 ሜትር ለማንሳት 0.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ግድ ነው፤ የፓምፑንና የሞተሩን ብክነት ስንጨምር ወደ 1 ይጠጋል። ይህን የትኛውም ድራይቭ አይቀንሰውም። ፍጥነቱን ሲቀንሱ የሚቀንሰው ከቧንቧው ሰበቃ የሚመጣው ክፍል ብቻ ነው፤ ከፍታው እዚያው ይጠብቃል።

በአል አይን ዙሪያ ባሉ መዝራዎች፣ ማለትም እርሻዎች፣ ጉድጓድ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። የሚከተለውን ምሳሌ በወረቀት ላይ እንሥራው። የውሃው ከፍታ 80 ሜትር ዝቅ ያለ ጉድጓድ አለ። ሰበቃው ተጨምሮ ፓምፑ በ50 ሄርዝ 100 ሜትር ይገፋል፤ አፉ ቢዘጋ ደግሞ 125 ሜትር ድረስ ይደርሳል። ወደ 45 ሄርዝ እናውርደው። ፍጥነቱ በ10 በመቶ ብቻ ቀነሰ፤ ውሃው ግን ወደ 69 በመቶ ይወድቃል። ለአንድ ሜትር ኩብ የሚተርፈው ኤሌክትሪክ ቢበዛ 10 በመቶ ነው፣ ፓምፑ ከሚመቸው ነጥብ ስለሚርቅ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። አሁን ወደ 40 እናውርደው። 125 በ0.64 ሲባዛ ልክ 80 ይሆናል። ሞተሩ ይዞራል፣ ሳጥኑ ላይ 40 ተጽፏል፣ ቆጣሪው ይቆጥራል፤ ከቧንቧው አንዲት ብርጭቆ ውሃ አትወጣም። ፓምፑ ውስጥ ያለው ውሃ እየተመታ ይሞቃል። ሕንፃው ውስጥ 49 በመቶ ያተረፈችው 40 ሄርዝ፣ ጉድጓዱ ላይ ፓምፕ ታቃጥላለች። በተጨማሪም የጠላቂ ፓምፕ ሞተር የሚቀዘቅዘውና የግፊት ቤሪንጉ የሚለሰልሰው በውሃ ስለሆነ፣ አምራቾች ከ30 ሄርዝ በታች እንዳይሠራ ያስጠነቅቃሉ፤ ሲነሳም ወደ 30 በአንድ ሰከንድ ገደማ እንዲደርስ ይመክራሉ።

ታዲያ ጉድጓድ ላይ ድራይቭ አይረባም? ይረባል፤ ግን ለሌላ ነገር። በቀጥታ ከመስመር የሚነሳ ሞተር ከመደበኛው ስድስትና ሰባት እጥፍ አምፔር ይጎትታል፤ በድራይቭ ቀስ ብሎ ይነሳል። በረጅም ቧንቧ ላይ ቀስ ብሎ መቆሙም ውሃው በድንገት ሲቆም ቧንቧውን ከሚመታው ምት ያድናል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ ግን ድራይቩም አብሮ ስለሚሞት የግፊት ታንኩን አይተካም። የፀሐይ ኃይል ለሚጠቀም ገበሬ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ፓኔሎቹ ቀጥታ ጅረት ለድራይቩ ይሰጣሉ፤ ፀሐይዋ በበረታች ቁጥር ፓምፑ ይፈጥናል፣ ደመና ሲመጣ ይዘገያል፣ ባትሪ ሳያስፈልግ ውሃው በገንዳ ይጠራቀማል።

አል አይን ላይ ይህን ሲያስቡ ከአፍላጁ ማምለጥ አይቻልም። ከተማዋን የፈጠሯት እነዚህ የመሬት ውስጥ የውሃ ቦዮች ናቸው። ሂሊ አካባቢ የተገኘው ፈለጅ (የአፍላጅ ነጠላ) 3,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ የአል አይን ቅርሶች እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ሲመዘገቡ ኦአሲሶቹም አብረው ገቡ። የአገሪቱ መሥራች ሸይኽ ዛይድ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ አካባቢውን ሲያስተዳድሩ መጀመሪያ ከያዟቸው ሥራዎች አንዱ የፈለጅ ቁፋሮና ጥገና ነበር። ፈለጅ ሞተር የለውም፤ ውሃው ከተራራ ሥር በቀስታ ተዳፋት ይወርዳል። የሚወስደውም መሬቱ የሚለግሰውን ያህል ብቻ ነው። ፓምፕ ሲመጣ ያ ገደብ ተነሳ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወረደ፣ አፍላጁ ደረቁ፤ ዛሬ በኦአሲሱ ቴምሮች መካከል የሚፈሰው ውሃ በአብዛኛው በፓምፕ የተሳበ ነው። አቡ ዳቢ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው 5ኛ ሕግ የከርሰ ምድር ውሃን የኤምሬቱ ንብረት አድርጋ ቁፋሮውንና አወጣጡን በፈቃድ ሥር ያስገባችው ለዚህ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው «ድራይቭ ስላስገባን ውሃ ቆጠብን» ሲል ልቤ ይጠራጠራል። ርካሽ ሆኖ የሚሳብ ውሃ ብዙ የሚሳብ ውሃ ነው፤ ከድራይቩ ጎን የውሃ ቆጣሪ ከሌለ ጉድጓዱ ይበልጥ እየራቀ፣ ጨዉም እየበረታ ይሄዳል።

ሌላው የድራይቭ ጠላት ሙቀት ነው። በአል አይን ክልል ያለችው ስዊሓን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2025 51.8 ዲግሪ መዘገበች። ይህ በጥላ የሚለካ ነው። አብዛኞቹ ድራይቮች ሙሉ አቅማቸውን የሚሰጡት እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ በየዲግሪው 1 በመቶ ያህል እየቀነሱ እስከ 50 ይሄዳሉ፣ ከዚያ ወዲያ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ከዚህ ላይ ሳጥኑ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። 97 በመቶ ብቃት ያለው ባለ 100 ኪሎ ዋት ድራይቭ 3 ኪሎ ዋት፣ ማለትም የሦስት ምድጃ ያህል ሙቀት፣ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ይለቃል። በእርሻ መካከል በቆርቆሮ ክፍል የተቀመጠ ፓኔል ውስጥ 60 ዲግሪ መድረስ ቀላል ነው። ውጤቱ ልብ ይሰብራል፤ ዛፉም ከብቱም ውሃ አብዝቶ በሚፈልግበት ቀን፣ ቀትር ላይ፣ መስኮቷ ላይ የስሕተት ኮድ ይወጣና ሁሉ ነገር ጭጭ ይላል። እርሻው ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያውቀው መድኃኒት የፓኔሉን በር መክፈትና ቬንትሌተር ፊት ለፊት ማስቀመጥ ነው። ለዚያ ቀን ይሠራል። በበሩ የገባው ደቃቅ አሸዋ ግን ማቀዝቀዣ ክንፎቹን ይሸፍንና በቀጣዩ ሳምንት ከበፊቱ ቀድሞ ያጠፋዋል። የካፓሲተሮች ዕድሜ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ በግማሽ እንደሚያጥር ሙያተኛው ሁሉ ያውቃል። ሞተሩ 20 ዓመት ሲያገለግል ሳጥኑ በ5 ዓመት የሚሞተው በዚህ ነው። ከባሕሩ አጠገብ ደግሞ ጨውና እርጥበት ይጨመራል፤ ካርዱ በመከላከያ ቫርኒሽ ካልተለበጠ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል።

ወደ ኢንዱስትሪ ሰፈሮቹ፣ ሙሰፈህ ወይም አል አይን ሰናኢያ፣ ገብቶ የሞተር ጥቅለላ ቤት የቆመ ሰው ሌላውን ጉድ ያያል። ድራይቭ የሚያወጣው ሞገድ ለስላሳ አይደለም፤ በጣም ፈጣን ምቶች ተደርድረው ነው። 400 ቮልት መስመር ላይ በሳጥኑ ውስጥ የሚጠራቀመው ቀጥታ ጅረት 565 ቮልት ገደማ ነው፤ ገመዱ ሲረዝም ምቱ ከሞተሩ እየተመለሰ ይደራረብና ከ1,100 ቮልት በላይ ይደርሳል። የጥንቱ ቫርኒሽ ለዚህ አልተዘጋጀም፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ይበሳል። ጥልቅ ጉድጓድ ማለት ረጅም ገመድ ስለሆነ፣ ማጣሪያ ያልገባለት ድራይቭ ጉድጓድ ላይ ሞተር ቶሎ ቢበላ አይገርምም። ቤሪንጉን አውጥተው ሲያዩት ደግሞ ቀለበቱ ላይ ጥቃቅን መስመሮች እኩል እኩል ተሰልፈዋል፣ ልክ እንደታረሰ ማሳ ትልም። በዘንጉ በኩል ወደ መሬት መንገድ የፈለገ ጅረት ነው ያረሰው። ቤሪንጉን ብቻ ቀይሮ መመለስ ያው ትልም ከወራት በኋላ እንዲታረስ መፍቀድ ነው፤ የመሬት መስመሩን ማስተካከል ወይም ከዘንጉ ጋር የሚነካ የመሬት ቀለበት ማስገባት ያስፈልጋል። ለደንበኛው ይህን ማስረዳት የሚችል የሞተር ጠቅላይ ከሁለት መሐንዲሶች ይበልጥብኛል።

ይህ ሁሉ እኛ ጋ ሲመጣ ምን ይመስላል? ሳጥኑ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ሁለት ቁጥር አላት፦ 40 ዲግሪና 1,000 ሜትር። ስዊሓን የመጀመሪያውን ትጥሳለች፣ አዲስ አበባ ሁለተኛውን። ከ1,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሳጥኑን የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ደንቡ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ 100 ኪሎ ዋት ተብሎ የተገዛው ድራይቭ 86 ያህል ነው የሚሸከመው። ሞተሩም ራሱ ቀጭኑ አየር ይጎዳዋል። ከዱባይ ገበያ በሞተሩ ልክ ተመርጦ የተጫነ ሳጥን እዚህ ደርሶ ሲዝል «ቻይና ስለሆነ ነው» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከተሠራበት አገር ሳይሆን ከሚሠራበት ከፍታ ነው።

የእኛ ጥቅምም ከአቡ ዳቢው የተለየ ቅደም ተከተል አለው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ቢመጣም፣ ገጠር መስመር ጫፍ ላይ ያለ ሞተር ዋና ችግሩ ኃይሉ ሲደርሰው ደካማ መሆኑ ነው። ባለ 30 ኪሎ ዋት ሞተር በቀጥታ ሲነሳ የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ይደበዝዛል፤ በጄኔሬተር የሚሠራ ከሆነም ለመነሻው ሲባል ከእጥፍ በላይ የሆነ ጄኔሬተር ይገዛል። እዚህ ድራይቭ የመጀመሪያ ውለታው የተረጋጋ አነሳሱ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ፋዝ ሲጠፋ ወዲያው አቁሞ ማዳኑ ነው፤ አገራችን ውስጥ ስንት ሞተር በሁለት ፋዝ እየጮኸ እንደተቃጠለ የጥቅለላ ቤቶቻችን ይመሰክራሉ። ሦስተኛው ብዙ ያልተወራለት ነው፦ ነጠላ ፋዝ ብቻ በደረሰበት መንደር፣ በእጥፍ አቅም የተመረጠ ድራይቭ ከአንድ ፋዝ ሦስት ፋዝ አውጥቶ ወፍጮ ማስነሳት ይችላል። ወፍጮ ላይ ግን የኩብ ሒሳብ አይሠራም፤ ድንጋዩ በዝግታም ሲዞር ያንኑ ያህል የመጠምዘዝ ጉልበት ይጠይቃል፣ ስለዚህ የቁጠባ ተስፋ ሰጥቶ የሚሸጥ ሰው የወፍጮውን ባለቤት እያሳሳተ ነው።

ሰሜን ወሎ፣ ቆቦ ሜዳ ላይ፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት የተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ጠብታና ርጭት መስኖ ይመግባሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ለድራይቭ ድብልቅ ጉዳይ ነው። ውሃው ከጉድጓድ ስለሚወጣ ከፍታው አል አይንን ይመስላል፤ ጠብታ መስኖው ግን አንድ ማሳ ሲዘጋና ሁለት ሲከፈት ፍላጎቱ ስለሚለዋወጥ የአቡ ዳቢ ሕንፃ ጠባይም አለው። የትኛው እንደሚያመዝን የሚታወቀው በአንድ ቀላል ሥራ ነው። ዕቃው ከመገዛቱ በፊት፣ ፓምፑ ቆሞ አንድ ጊዜ፣ እየሠራ አንድ ጊዜ፣ የውሃው ከፍታ በገመድ ይለካል፤ ይህም በግንቦት ድርቅና በመስከረም ጥጋብ ሁለቴ ይደገማል። አራት ቁጥር ነው። በእነሱ የተለካው ከፍታ ከፓምፑ ጠቅላላ ግፊት አራት አምስተኛ ከሆነ ገንዘቡ ለተሻለ ፓምፕና ለውሃ ቆጣሪ ይዋል፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ድራይቩ ይገዛ፣ ከነማጣሪያው፣ ለቆቦ የ1,470 ሜትር ከፍታ 5 በመቶ ያህል ተለቅ ተደርጎ፣ ዝቅተኛው ፍጥነትም ውሃ ከሚወጣበት ነጥብ በላይ ተቆልፎ። ያ ቁጥር በፓኔሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በማርከር ይጻፍ፤ የሚቀጥለው ተረኛ ቁልፉን «ሃንድ» ላይ ከማድረጉ በፊት እንዲያነበው።